ስለ ውሾች ጠብና ስለ ሰው ምስክርነት

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ስለሚዋጋ በሬ የተደነገገ ሕግ አለ። ተአምርም ሆነ ትንቢት ስለሌለበት አብዛኞቻችን ፈጥነን የምናልፈው ክፍል ነው። ሕጉ የአንዱ ሰው በሬ የሌላውን ሰው በሬ ወግቶ ቢገድል ምን መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። በሬው ቀድሞ ተዋጊነቱ ያልታወቀ ከሆነ፣ ሁለቱ ባለቤቶች በሕይወት ያለውን ሸጠው ዋጋውን ይካፈላሉ፤ የሞተውንም እንዲሁ ይካፈሉታል። ተዋጊነቱ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ሳይጠብቀው የቀረ እንደሆነ ግን በሬ ስለ በሬ ይከፍላል። ቀንዱ ያው ቀንድ ነው፤ ቁስሉም ያው ቁስል ነው። ፍርዱን የለየው ሰው ያወቀውና ባወቀው ነገር ያደረገው ነው። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ በድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆን እንኳ፣ ኀላፊ እንዲሆን ወስኗል።

ይህን ክፍል እንድናነሣ ያደረገን በዋሽንግተን ከተማ አቅራቢያ ከምትኖር አንዲት የቀድሞ የቁምስናችን ልጅ የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኅታችን በሳምንት አንድ ቀን ባለቤት የሌላቸው ውሾች ወደሚጠበቁበት መጠለያ እየሄደች በበጎ ፈቃደኝነት ታገለግላለች፤ ሥራዋም ውሾቹን አንድ በአንድ በገመድ ይዞ ማንሸራሸር ነው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ወንድ ውሻ ይዛ ስትሄድ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት የሕንፃ ጥግ ላይ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ሌላ ውሻ ይዞ ድንገት ብቅ አለ። ውሾቹ ተያያዙ። እርሷም ደንግጣ እጇን ወደ ውሻዋ የአንገት ማሰሪያ ብትሰድ ውሻው ዞሮ እጇን ነከሳት። ከተለያዩ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ተማከሩና ዝም ለማለት ተስማሙ። በዚያ ውሻ ስም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ «ከሌሎች ውሾች ጋር አይስማማም» የሚል ተጽፎ ነበርና፣ አሁን ደግሞ ሰው ነከሰ ተብሎ ቢጨመርበት በሕይወት የመቆየት ተስፋው ይጠፋል ብለው ፈሩ። በዕለቱ መዝገብ ላይ «ምንም አልደረሰም» ብለው ፈረሙ። ደብዳቤው ሲደርሰን ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር፤ ቁስሉ ድኗል፣ ውሻውም ጤነኛ ነው። «አባ፣ ያደረግነው ኀጢአት ነውን ወይስ ምሕረት?» ስትል ትጠይቀናለች። ጥያቄው የእርሷ ብቻ ስላልሆነ፣ ስሟን ሳንጠቅስ በእነዚህ ገጾች እንድንመልስ ፈቅዳልናለች።

በመጀመሪያ ስለ መጠለያዎቹ ጥቂት እንናገር። በአገራችን ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው፤ በበላበት ይጮኻል እንጂ ገመድ ታስሮለት ለሽርሽር አይወጣም። በታላላቅ የውጭ ከተሞች ግን የጠፉና የተጣሉ ውሾች ጉዳይ ቀድሞ ያሳሰባቸው ሰዎች ነበሩ። ሜሪ ቲልቢ የተባሉ እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን ሆሎዌይ በተባለው ሰፈር ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ቤት ከፈቱ፤ ይኸው ቤት በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛውሮ እስከ ዛሬ አለ። በአሜሪካም ሄንሪ በርግ እ.ኤ.አ. በ1866 በኒው ዮርክ በእንስሳት ላይ የሚፈጸመውን ጭካኔ የሚከላከል ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ በዚያ አገር መጠለያ የሌለው ትልቅ ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ቦታው ከሚመጣው ውሻ ብዛት ጋር አይመጣጠንም፤ ስለዚህም በብዙ ስፍራ ወሳጅ ያጣ ወይም አደገኛ ነው የተባለ ውሻ በመርፌ እንዲሞት ይደረጋል። በጣልያን አገር እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሕግ ቁጥር 281 ይህን ከልክሎ፣ ከባድ ሕመም ያለበትን፣ የማይድነውን ወይም አደገኛነቱ የተረጋገጠውን ውሻ ብቻ ከክልከላው ውጪ አድርጎታል። እንግዲህ በአንዱም አገር ሆነ በሌላው፣ አንድ በጎ ፈቃደኛ በመዝገብ ላይ የሚያሰፍራት መስመር የአንዲት ነፍስ ያላት ፍጥረት ዕጣ የሚንጠለጠልባት ልትሆን ትችላለች። እኅታችን የፈራችው በከንቱ አይደለም።

የሚራብ ሰው በሞላበት ዓለም ስለ ውሻ መጨነቅ የጥጋብ ነገር ነው የሚሉ አንባብያን እንደሚኖሩ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ሁለቱንም ነገር በአንድ ስፍራ ያስተምራል፦ እንስሳትን ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ከሰው ክብር ጋር እንደማይስማማ፣ እንዲሁም ለሰው ችግር በቀዳሚነት መዋል የሚገባውን ገንዘብ በእነርሱ ላይ ማፍሰስ ተገቢ እንዳልሆነ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ከዕረፍቷ ቀንሳ የምታገለግል ልጅ ከሁለተኛው ተግሣጽ ነፃ ናት ብለን እናምናለን። ጥያቄዋም በመሠረቱ ስለ ውሻ ሳይሆን ስለ እውነት ነው።

አሁን ወደ ጠቡ እንመለስ። ውሾች እንደሚመስለን በድንገት አይጣሉም። ከመያያዛቸው በፊት የሚናገሩት ቋንቋ አላቸው፤ አካሉ ይደርቃል፣ ከፍቶት የነበረውን አፍ ይዘጋል፣ ዐይኑን በሌላው ላይ ተክሎ ይቆማል፣ ጭራው ሽቅብ ይወጣል፣ የጀርባው ጠጕር ይቆማል። የሚፈራው ደግሞ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ የዐይኑ ነጭ ይታያል። በሜዳ ቢሆኑ ኖሮ ከእነርሱ አንዱ ዞር ብሎ በሄደ ነበር። በገመድ የተያዘ ውሻ ግን መሸሽ አይችልም፤ መሸሽ የማይችል ፍጥረት ሁሉ ደግሞ ወደ መዋጋት ያዘነብላል። ይህም ብቻ አይደለም፤ የያዘው ሰው ሌላውን ውሻ ሲያይ ሳያስበው ገመዱን ያከርራል፣ የገመዱም መክረር ለውሻው «አደጋ መጥቷል» የሚል መልእክት ሆኖ ይደርሰዋል። የሰው ፍርሃት በገመድ ተላልፎ የእንስሳ ቁጣ ይሆናል። ይህን ስናስብ በየቤታችንም፣ በየስብሰባችንም በማይታይ ገመድ የምናስተላልፈው ፍርሃት ስንት እንደሆነ ሳንጠይቅ አናልፍም፤ ነገር ግን ከጉዳያችን አንውጣ።

ስለዚህም ልምድ ያላቸው የመጠለያ ሠራተኞች የሚያስተምሩት ጠብን ስለ መገላገል ከመሆኑ በፊት ጠብን ስለ መከላከል ነው። ሁለት በገመድ የተያዙ ውሾች ፊት ለፊት «ሰላም እንዲባባሉ» አይተዉም። በጠባብ መተላለፊያ አንዱ እስኪያልፍ ሌላው ይቆያል። የማይታይ ጥግ ላይ የደረሰ ሰው «ውሻ ይዣለሁ!» ብሎ ይጮኻል። ከሩቅ ሌላ ውሻ ያየ ክብ ሠርቶ ይዞራል ወይም ከቆመ መኪና ጀርባ ይከለላል። ከመውጣቱ በፊት ማያያዣውን ይፈትሻል፣ ገመዱን በእጁ አንጓ ላይ አይጠመጥምም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ጥበብ በጻፈበት ክፍል ከጥበብ አካላት መካከል አስቀድሞ ማየትን፣ ዙሪያን መመልከትንና መጠንቀቅን ይቆጥራል። ሊቁ ስለ ሰው ሕይወት የተናገረውን እነዚህ ሠራተኞች በሕንፃ ጥግ ላይ በሥራ ሲፈጽሙት እናያለን።

ጠቡ ከተነሣ በኋላስ? በልባችን የሚመጣው የመጀመሪያው ነገር እኅታችን ያደረገችው ነው፤ እጅን መስደድ። በፍቅር የሚደረግ ቢሆንም የሚጎዳ ነው። በጠብ መካከል ያለ ውሻ የሚነካውን ሁሉ ተቃዋሚው ያደርገዋል፤ የሚወደውን ሰው እጅ እንኳ ለይቶ ለማወቅ ጊዜ የለውም። ስለዚህ እጅ ወደ አፍና ወደ አንገት አይቀርብም። ዱላም አይነሣም፤ ዱላ ጠቡን ያበረታዋል። ከፍ ያለ ድንገተኛ ድምፅ፣ የሚረጭ ውኃ፣ በላያቸው የሚጣል ብርድ ልብስ ወይም ካፖርት፣ በመካከላቸው የሚገባ ሳንቃ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ፣ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ እያንዳንዳቸው የውሻቸውን የኋላ እግሮች እንደ እጅ ጋሪ አንሥተው ወደ ኋላ ይስባሉ። አንዱ ነክሶ የያዘ እንደሆነ ግን መጎተት ሥጋን ይቀዳል፤ እስኪለቅቅ በዚያው መያዝና የሠለጠነ ሰው መጥራት ይገባል። አብዛኛው የውሾች ጠብ ከጉዳቱ ይልቅ ጩኸቱ የሚበልጥ መሆኑን ማወቅም ልብን ያረጋጋል፤ የተረጋጋ ሰው ደግሞ ከደነገጠ ሰው ይልቅ ሁለቱንም ይረዳል።

ከዚህ በኋላ ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ፤ በዚህ ነገር ጥፋተኛው ማን ነው? ውሻው አይደለም። ቅዱስ ቶማስ እንስሳት ወደሚሹት ነገር በራሳቸው ግፊት እንደሚንቀሳቀሱ፣ ነገር ግን መርምረውና መርጠው ስለማያደርጉ ምስጋናም ነቀፋም እንደማይገባቸው ያስተምራል። «ክፉ ውሻ» የምንለው በልማድ ነው እንጂ በእውነቱ ክፋት የእርሱ አይደለም። ጥፋት ካለ በገመዱ በሌላኛው ጫፍ መፈለግ አለበት፦ ጥጉ ላይ ሳይጣራ የመጣው፣ ገመዱን ያስረዘመው፣ ሁለት ውሾች በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ እንዲወጡ የፈቀደው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። መዝገቡ በውሻው ስም የተከፈተ ነው። «ከሌሎች ውሾች ጋር አይስማማም» ሲባል የተጻፈው ስለ ውሻው ነው፤ ስለ ሰዎቹ አልተጻፈም። መናገር የማይችለው ፍጥረት የሰዎችን ጉድለት በስሙ ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው።

ታዲያ ዝምታው ይህን ዐመፅ ያቀናልን? እኅታችን እንደዚያ ሳይሰማት አልቀረም። ነገር ግን በጥንቃቄ እንመርምረው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሐሰትን መናገርና እውነትን መሸሸግ አንድ እንዳልሆኑ ያስተምራሉ። ሌላውን ለመርዳት የሚነገር ሐሰት ክብደቱ ቢቀንስም ሐሰት ነው፤ እውነትን በጥበብ መሸሸግ ግን የተፈቀደበት ጊዜ አለ። ማወቅ ለማይገባው ሰው ሁሉን ልንነግረው አንገደድም። እንግዲህ የሚመዘነው «ማወቅ የሚገባው ማን ነው?» የሚለው ነው። የሐኪም ምስጢር፣ የጓደኛ ነውር፣ የቤተሰብ ገመና በዚህ ሚዛን ይሸሸጋሉ። የመጠለያው መዝገብ ግን ለማን ተዘጋጀ? ነገ ያንኑ ውሻ ይዞ ለሚወጣው ሰው ነው፤ ምናልባት የዐሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ሊሆን ይችላል። ከነገ ወዲያ ወደ ቤቱ ሊወስደው ለሚመጣው፣ ትንሽ ልጅና ሌላ ውሻ ላለው ቤተሰብ ነው። እነዚህ ማወቅ የሚገባቸው ናቸው፤ ሕይወታቸውን በዚያ መስመር ላይ ይጥላሉና። በተጨማሪም እኅታችን ዝም ብቻ አላለችም፤ ፈርማለች። ፊርማ ንግግር ነው።

ሁለተኛው ውሻም አለ። በደብዳቤው ስለ እርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላገኘንም። የውሻ ጥርስ የሚያደርገው ቁስል ከላይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ሆኖ በጠጕር ይሸፈናል፤ ከሥሩ ግን ጥልቅ ነው፣ ከቀናትም በኋላ መግል ሊቋጥር ይችላል። ምንም አልደረሰም ተብሎ ስለተጻፈ የእንስሳት ሐኪም ጠጕሩን ገልጦ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም። ለአንዱ ምሕረት የተደረገው በሌላው ላይ ተከፍሎበታል። ምሕረት በቅርባችን ላለው፣ ለምንወደው፣ በስሙ ለምንጠራው ብቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው።

የራሷስ እጅ? በዚያ አገር ሰው የነከሰ ውሻ ለዐሥር ቀን ተለይቶ እንዲታይ ይደረጋል። ውሻው በነከሰበት ሰዓት የእብድ ውሻ በሽታን በምራቁ የሚያስተላልፍ ከነበረ፣ በእነዚህ ዐሥር ቀናት ውስጥ ሕመሙ ይገለጥበታል። ይህን በሽታ በአገራችን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም፤ በአዲስ አበባ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እየተባለ የሚጠራው በዚህ ክትባት ዝነኛ በሆነው ሳይንቲስት ስም ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በእብድ ውሻ ለተነከሰ ልጅ ከሰጡ ወዲህ መድኃኒቱ በጊዜው ከተሰጠ ያድናል፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ግን ማዳን የሚቻል አይደለም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዓይነት መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ቢነገርም፣ በሌሊት ወፍና በዱር አራዊት ዘንድ በሽታው አሁንም አለ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጥቦ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ይገባዋል፤ ለሐኪሙም እንዴት እንደተነከሰ እውነቱን ሊነግር ይገባል። እኅታችን ውሻውን ለማዳን ብላ የራሷን ሕይወት በዕድል ላይ ጥላለች። ሦስት ሳምንት አልፎ ሁሉም ደኅና መሆኑ ያስደስተናል፤ ነገር ግን የነገሩ መጨረሻ ማማር ያደረጉትን ልክ አያደርገውም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ቃል እንናገር። በዚህ ዝምታ የተጠበቀው ውሻው ብቻ አልነበረም። ከመዝገቡ የጠፋው የውሻው ንክሻ ብቻ ሳይሆን ጥጉ ላይ ያልተሰማው ጥሪ፣ የረዘመው ገመድ፣ ወደ አንገት የተሰደደው እጅም ነው። እነዚህ ቢጻፉ ኖሮ አንባቢው ሌላ ታሪክ ባየ ነበር፦ «ውሻው ነከሰ» ከማለት ይልቅ «በጠባብ ጥግ ሁለት ውሾች ሳይታሰብ ተገናኙ፤ በጠቡ መካከል አንድ እጅ ገባ፤ ውሻው ዞሮ አንድ ጊዜ ነክሶ ወዲያው ለቀቀ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ተረጋጋ» የሚል። ከመጀመሪያው የሚወጣው ፍርድና ከሁለተኛው የሚወጣው ፍርድ አንድ አይሆንም። ለውሻው ጠበቃ የሚሆነው የጎደለው እውነት ሳይሆን የሞላው እውነት ነው። ሙሉውን እውነት ለመጻፍ ግን ሰው በራሱ ላይ መመስከር አለበት፤ ርኅራኄ የተባለው ዝምታ ከዚህ መራራ ነገር ማምለጫ መሆን አለመሆኑን እያንዳንዱ በኅሊናው ይመርምር። ስምንተኛውን ትእዛዝ ለሕፃናት የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ምሳሌ ብትጠቀሙበት መልካም ነው፤ ልጆች «በባልንጀራህ ላይ» የሚለውን ይይዛሉ እንጂ ስለ ራስ የሚሰጥ ምስክርነትም እንዳለ ብዙውን ጊዜ አይነገራቸውም።

ሙሉው እውነት ቢነገርም ውሻው ሊሞት ይችላል የሚለው ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። አዎን፣ ይችላል። ይህን በለዘብተኛ ቃል ለመሸፈን አንሞክርም። የመጠለያው ሰዎች በቦታ ማነስ ምክንያት ያለ አግባብ ሊፈርዱ ይችላሉ፤ እንደዚያ ቢፈርዱ በደሉ የእነርሱ ይሆናል፣ እውነቱን የጻፈችው አይደለችም። ነገር ግን ሌሎች የሚያደርጉትን በደል አስቀድመን በመገመት ሐሰትን የእኛ ድርሻ ማድረግ አንችልም። ደግሞም መዝገቡ በሐሰት የተሞላ መሆኑ አንድ ጊዜ የታወቀ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ማናቸውም ውሻ የሚጻፈው መልካም ነገር አይታመንም፤ ያን ጊዜ የሚጎዱት ብዙዎች ናቸው።

ለእኅታችን ያለን ምክር ይህ ነው። በመጀመሪያ ከእርሷ ጋር የነበረውን ሰው ታነጋግረው፤ ሳያውቀው ወደ ኀላፊዎቹ መሄድ አይገባም። ከዚያም ሁለቱም ቢቻል አብረው ሄደው፣ ቀኑንና ቦታውን፣ ገመዱንና ጥጉን፣ እጅዋንና ፊርማቸውን ጨምረው የሆነውን ሁሉ ይጻፉ፤ ሁለተኛውን ውሻ ሐኪም እንዲያየው ይጠይቁ። አገልግሎቷን ሊከለክሏት ይችላሉ፤ ይህንንም ትቀበል። ጽፋ ግን ዝም አትበል። ውሻው ልምድ ባለው ሰው ብቻ፣ ሌሎች ውሾች በሌሉበት ሰዓት እንዲወጣ፣ ጠባዩን የሚያውቅ ባለሙያ እንዲመረምረው፣ ሌላ ውሻ የሌለበትና ትናንሽ ልጆች የማይኖሩበት ቤት እንዲፈለግለት፣ እንዲህ ያሉትን ውሾች የሚቀበሉ ማኅበራት እንዲጠየቁ ትለምን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግማ። እውነትን የተናገረ ሰው ለመለመን አፉ ይከፈታል። ሁሉም ሳይሆን ቀርቶ ውሻው እንዲሞት የተወሰነ እንደሆነ ደግሞ፣ በዚያ ሰዓት የሚያውቀው ሰው አጠገቡ እንዲቆም የሚፈቅዱ መጠለያዎች አሉና፣ ትጠይቃቸው።